በኮምፒውተር እንጠልፋለን

ወልቂጤ ከመናኸሪያው ብዙም ሳይርቅ፣ በስልክ ጠጋኝና በፎቶ ኮፒ ቤት መሃል የተሸጎጠች አንዲት ጠባብ ሱቅ በሯ ላይ ሰሌዳ ሰቅላለች፤ «በኮምፒውተር እንጠልፋለን» ይላል። ከአዲስ አበባ አብሮኝ የመጣው ጓደኛዬ አነበበና ቆም አለ። «እንዲህ በአደባባይ? ፖሊስ ምን ይላል?» አለኝ ጮክ ብሎ። ውስጥ የተቀመጠው ወጣት ይህን ቀልድ ስንት ጊዜ እንደሰማው ከፊቱ ያስታውቃል። «ጥልፍ ነው ወንድሜ፣ ግቡ» አለን፣ ዓይኑን ከማሽኑ ሳያነሣ።

የመጣነው ለሥራ ነበር። ጓደኛዬ የአገሩ ልጆች ማኅበር አባል ነው። መስቀልን አገር ቤት ሲያከብሩ የሚለብሱት ሠላሳ ሸሚዝ፣ ኪሱ ላይ የማኅበሩ ዓርማ እንዲጠለፍበት አደራ ተቀብሏል። ዓርማው አዲስ አበባ ተሠርቶ በፍላሽ ተይዟል። ግማሽ ሰዓት ይበቃናል ብለን ገባን፤ ቀኑን ሙሉ ዋልን።

ከሰሌዳው ልጀምር። ጠለፈ የሚለው ግስ አማርኛ ውስጥ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ታጋይ እግሩን ሰደድ አድርጎ ባላጋራውን ጠልፎ ይጥላል። የመስኖ መሐንዲስ ወንዝ ይጠልፋል፤ «የወንዝ ጠለፋ» ሲል ማንም ወንጀል አይጠረጥርበትም። ጎረምሳ ልጃገረድ ይጠልፍ ነበር። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን በሕግ ካገባት ክሱ ይቀርለት ነበር፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ግን በአንቀጽ 587 ከሦስት እስከ ዐሥር ዓመት ጽኑ እስራት አኖረበት። በኅዳር 1989 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ተጠልፎ፣ ነዳጁ አልቆ ኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ባሕር ላይ ወደቀ። ስልክ ይጠለፋል፣ የፌስቡክ ገጽ ይጠለፋል፣ ፖለቲከኞች ይጠላለፋሉ። በዚህ ሁሉ ሁከት መሃል ደግሞ አንዲት ሴት ደጃፏ ላይ ጸሐይ እየሞቀች፣ ማንንም ሳትጎዳ፣ ቀሚስ ትጠልፋለች።

እነዚህን ሁሉ የሚያስተሳስራቸው አንድ የእጅ እንቅስቃሴ ነው፤ በመንገዱ የሚሄደውን ነገር መንጠቆ በመሰለ ነገር ያዝ አድርጎ ወደ ሌላ አቅጣጫ መሳብ። እግር፣ ወንዝ፣ ሙሽራ፣ አውሮፕላን፣ የስልክ ድምፅ፣ ክር። ከነዚህ የትኛው ይቀድማል ብባል ያለ ማመንታት ክሩን ወይም እግሩን እላለሁ። በሰው አካልና በሰው እጅ የሚጀምር ቃል ነው ኋላ ወደ አውሮፕላን የሚወጣው፣ ከአውሮፕላን ወደ መርፌ የሚወርድ አልገጠመኝም። ፈረንሳዮችም ዘንድ ነገሩ ከዚህ አይርቅም፤ እናቶቻችን ኪሮሽ የሚሉት የእጅ ሥራ በፈረንሳይኛ ትንሽ መንጠቆ ማለት ነው።

ይህ ለቃል አጥኚ የሚመች ግምት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ወጣቱ የማሽኑን የታች ክዳን ገልጦ እስኪያሳየን ድረስ። መርፌዋ ጨርቁን በስታ ትወርዳለች። ታች ደርሳ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል መለስ ስትል፣ ክሩ ከጀርባዋ ላላ ብሎ የሽንብራ ፍሬ የማታህል ቀለበት ይሠራል። በዚያች ቅጽበት ከታች የሚሽከረከረው አፈ ሹል ብረት ደርሶ ቀለበቷን ጠለፍ ያደርጋታል፣ የታችኛው ክር በተጠቀለለበት ቦቢን ዙሪያ አሾልኮ ይለቃታል። ሁለቱ ክሮች ተቆላለፉ፤ አንድ ጥልፍ ሆነ። ይህንኑ በደቂቃ ከ600 እስከ 1,000 ጊዜ ይደጋግመዋል። አማርኛ ማሽኑን ከማየቱ በፊት ማሽኑ የሚሠራውን ነገር በትክክል ሰይሞት ነበር ማለት ነው። እንግሊዝኛው ለዚህ ሥራ ያለው ቃል ማስዋብን እንጂ መያዝን አይነግርም።

ከሱቁ ውጭ በረንዳው ላይ አንድ በዕድሜ የገፉ ልብስ ሰፊ በእግር የምትረገጥ ጥቁር መኪናቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። «መኪናዬ» ነው የሚሏት። ልጁ የራሱን «ማሽን» ይለዋል። ሁለቱ ቃላት ወንድማማቾች ናቸው። አያታቸው ብልሃት፣ መሣሪያ የሚል ትርጉም ያለው የግሪክ ቃል ነው፤ ላቲን ወሰደው፣ ከላቲን ጣሊያንኛው ማኪና አለው፣ ፈረንሳይኛው ደግሞ ማሺን። መኪና በጣሊያንኛው መንገድ መጥቶ ቤተኛ ሆነ። በዚያ ዘመን የሚንቀሳቀስ ብረት ሁሉ መኪና ነበር፤ የጽሕፈት መኪና፣ የስፌት መኪና። ኋላ ተሽከርካሪው ስሙን ጠቅልሎ ወሰደና አዲስ ለሚመጣው ብረት ሁሉ በእንግሊዝኛው በር የገባው ማሽን ተሰጠው። ስለዚህ አንድ ሰው ዕቃውን ምን ብሎ እንደሚጠራው ሰምቶ ዕቃው መቼ አገር ቤት እንደገባ መገመት ይቻላል። ሽማግሌውን «ጋሼ፣ ይቺ መኪና ስንት ዓመቷ ነው?» አልኳቸው። «ከሱ ትበልጣለች» አሉ ልጁን በአገጫቸው እያመለከቱ።

ፍላሹ ተሰካ። ልጁ ስክሪኑን አየና «ይሄ ፒኢኤስ ነው፣ የኔ ዲኤስቲ ነው የሚያነበው» አለ። ጓደኛዬ ፋይል ፋይል ነው ብሎ የሚያምን ሰው ስለሆነ ግራ ገባው። ሥዕል ቢሆን የትኛውም ስልክ ይከፍተዋል። የጥልፍ ማሽን ግን ሥዕል አያነብም። የሚያነበው መርፌዋ ከየት ወደ የት እንደምትሄድ የሚናገር ትእዛዝ ነው፣ ያንንም እያንዳንዱ ኩባንያ በየራሱ ቋንቋ ነው የጻፈው። የታጂማ ዲኤስቲ፣ የብራዘር ፒኢኤስ፣ የጃኖሜ ጄኢኤፍ፣ የሁስክቫርናና የፋፍ ቪፒ3፣ የሲንገር ደግሞ ሦስት ኤክስ። (በዚህ የመጨረሻው ስም ልጆች ያሉበት ቤት ውስጥ ፋይል መፈለግ አይመከርም።)

የኩባንያዎቹ ስም ራሱ ለሥርወ ቃል ወዳጅ ድግስ ነው። ታጂማ በጃፓንኛ የቤተሰብ ስም ነው፤ በሚጻፍባቸው ምልክቶች ሲፈታ ማሳና ደሴት ይሆናል። ብራዘር ወንድም ነው፣ በናጎያ ከተማ የያሱይ ቤተሰብ ወንድማማቾች ያቋቋሙት ስለሆነ። ጃኖሜ የእባብ ዓይን ማለት ነው፤ ክቡ ቦቢን የእባብ ዓይን ይመስላል ተብሎ የወጣ ስም ነው። ሁስክቫርና የስዊድን ከተማ ናት፣ ስሟ ወፍጮ የሚል ቃል አለበት፤ ፋብሪካው በ1689 እ.ኤ.አ. ሲጀመር ይሠራ የነበረው ጠመንጃ ነው። ፋፍ በድሮ ጀርመንኛ ቄስ ነው። ሲንገር ዘፋኝ ነው፤ የኩባንያው ባለቤት አይዛክ ሲንገር ከመኪናው በፊት በየከተማው እየዞረ ቲያትር ይሠራ ስለነበር ስሙ ብዙም አልራቀበትም። እንግዲህ ወንድም፣ ቄስ፣ ዘፋኝና የእባብ ዓይን አንድ ገበያ ላይ ተገናኝተው አንዱ የአንዱን ቋንቋ አልሰማም ብሏል። መቼ ይስማሙ!

ልጁ በኮምፒውተሩ ፒኢኤሱን ወደ ዲኤስቲ ለወጠው። ደቂቃ አልፈጀበትም። ቁራጭ ጨርቅ ፍሬም ላይ ወጥሮ ሙከራ ሠራ። ቅርጹ መጣ። ቀለሙ ግን ተበጠበጠ፤ ቢጫ መሆን የነበረበት የመስቀል ደመራ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ፣ ከሥሩ ያለው የእንሰት ቅጠል ደግሞ ቀይ። ጓደኛዬ የሆነ ሰው ያበላሸበት መሰለውና አዲስ አበባ ያለውን ዓርማ ሠሪ በስልክ ሊሰድብ ተነሣ። ሠሪው ጥፋት አልነበረበትም። ዲኤስቲ ቀለም የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያውቀው «እዚህ ጋ ቁም» የሚለውን ብቻ ነው፤ ማሽኑ ሲቆም የቱን ክር እንደሚያስቀጥል የሚወስነው ሰው ነው። ቢጫ የሚለው መረጃ በፒኢኤሱ ውስጥ ነበረ፣ በትርጉሙ መንገድ ላይ ወድቆ ቀረ።

ስለ ዲኤስቲ ትንሽ ልቆይ፣ የሚገባው ነገር ነውና። አንዲት የመርፌ እርምጃ በሦስት ባይት ትጻፋለች። መለኪያው የሚሊ ሜትር ዐሥረኛ ነው። ርቀቱ የሚሰላበት መንገድ እኛ የምናውቀው የዐሥር ቤት አይደለም፣ ኮምፒውተር የለመደው የሁለት ቤትም አይደለም፣ የሦስት ቤት ነው፤ አምስት ቁጥሮች አሉ፣ 1፣ 3፣ 9፣ 27 እና 81፣ እያንዳንዳቸው ይደመራሉ፣ ይቀነሳሉ ወይም ይተዋሉ። ሲነግሩት ከባድ ይመስላል። ቡታጅራ ገበያ ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ይዞ የተቀመጠ ነጋዴ ግን ወዲያው ይገባዋል። አምስት የሚዛን ድንጋይ ብቻ አለህ እንበል። 50 መመዘን ስትፈልግ 81ን በአንዱ ሳህን ታስቀምጣለህ፣ 27ን፣ 3ን እና 1ን ከዕቃው ጋር በሌላው ሳህን ትጨምራለህ፤ ሚዛኑ ቀጥ ይላል። መርፌዋ አምስት ሚሊ ሜትር ስትራመድ ፋይሉ ውስጥ የሚጻፈው ይኸው ነው። አምስቱም ድንጋዮች በአንድ ወገን ሲደመሩ 121 ይሆናሉ፤ ስለዚህ መርፌዋ በአንድ እርምጃ በአንድ አቅጣጫ ከ12.1 ሚሊ ሜትር በላይ መሄድ አትችልም። ከዚያ የራቀ ቦታ ካለ ክር ሳትተክል በዝላይ ትሄዳለች።

እንዲህ ያለ ጽሕፈት ከፍላሽ በፊት ከነበረ ዘመን የመጣ ነው፤ ትእዛዙ ረጅም የወረቀት ጥብጣብ ላይ፣ በአንድ ረድፍ ስምንት ቀዳዳ እየተበሳ ይጻፍ ነበር። የጥልፍ ዲዛይን ሠሪ በእንግሊዝኛ እስከ ዛሬ «በሺ» መባሉ ከዚያ የቀረ ነው። ወረቀት በስቶ ክር ማዘዝ ደግሞ ከዚያም ይቀድማል፤ ፈረንሳዊው ዣካር በ1804 እ.ኤ.አ. የተበሳ ካርድ እያነበበ የሚሸምን ዕቃ ሠርቷል። በ1863 የስዊስ ሰው ኢዛክ ግሮብሊ የጥልፍ ማሽን ፈለሰፈ፤ ስሙ ሺፍሊ ተባለ፣ ትንሿ ጀልባ ማለት ነው፣ ክሯን ተሸክማ የምትመላለሰው ዕቃ ቅርጿ ጀልባ ስለሚመስል። የኛ ሸማኔ ያችኑ ዕቃ መወርወሪያ ይላታል። ስዊሱ ቅርጿን አየ፣ የኛው የሚያደርግባትን አየ።

ፋይል የሚለው ቃልስ? ጓደኛዬን ያበሳጨው ይህ ቃል ነው፣ እኔ ግን ከቀኑ ቃላት ሁሉ የወደድኩት እሱን ነው። መነሻው በላቲን ክር ማለት ነው። የአውሮፓ ጸሐፊዎች ወረቀት እንዳይበታተንባቸው በክር ወይም በሽቦ ሰክተው ያንጠለጥሉት ነበር፤ በክር የተሰካው ወረቀት ፋይል ተባለ። እኛም ቤት መዝገብ ቤት ያሉ ሠራተኞች ዶሴ በክር ሲያስሩ ያየ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም። ክር ጽሕፈት ቤት ገብቶ ወረቀት ሆነ፣ ወረቀቱ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ መብራት ሆነ፣ መብራቱ ወልቂጤ ላይ ተመልሶ ክር ሆነ። የኛም ቋንቋ ይህን መንገድ ሄዶበታል፤ ድረ ገጽ ስንል ያለው ድር ከማግ ጋር የሚኖረው የሸማኔው ድር ነው። ዲጂታልም ከሰው አካል ነው የወጣው፤ በላቲን ጣት ማለት ነው፣ ሰው በጣቱ ይቆጥር ስለነበር። አኃዝ የምንለውን ቃል ደግሞ አኀዘ፣ ያዘ፣ ጨበጠ ከሚለው የግእዝ ግስ ጋር የሚያያይዙት አሉ። ፈረንጅ ቁጥርን ከጣት አወጣው፣ እኛ ከመጨበጥ።

ቀለሙ በእጅ ተስተካከለ፤ ልጁ ደመራውን ቢጫ፣ ቅጠሉን አረንጓዴ አደረገ። ጉዳዩ ያለቀ መሰለን። ጓደኛዬ ግን ሱቅ ውስጥ የተሰቀለ ጋቢ አየና «ዓርማውን ለሽማግሌዎቹ ጋቢ ጀርባ ላይ በትልቁ አድርግልን» አለ። ልጁ ራሱን ነቀነቀ። «ይጨምራል፣ ግን አያምርም።» አንዴ ሞክሮ አሳየን። ዓርማው እጥፍ ሆነ፤ ቁጥሩ ያው የሆነው ክር ደግሞ ለእጥፍ ቦታ አልበቃ ብሎ ጨርቁ በመሃል አፈጠጠ። ማኅበሩ የተመሠረተበት ዓመት የተጻፈባቸው አኃዞች የተነቀለ አጥር መሰሉ።

እዚህ ላይ ነው ሥርወ ቃል የሚወድ ሰው ጥልፍ ቤት ውስጥ ራሱን የሚያገኘው። ዲዛይን የሚሠራው ባለሙያ መጀመሪያ የሚያዘጋጀው ፋይል ሌላ ነው። በዚያ ውስጥ «ይህ ክብ ነው፣ ይህ ቅጠል ነው፣ ቅጠሉ በዚህ ማዕዘን፣ በዚህን ያህል ጥግግት፣ በዚህ ዓይነት ይሞላ» የሚል ተጽፏል። አንዱ አሞላል ሳቲን ይባላል፣ ጠባብ ቦታ የሚሸፍን፣ የሚያብረቀርቅ። ሌላው ታታሚ ነው፣ ሰፊ ቦታ የሚሞላ፤ ታታሚ ጃፓኖች ወለላቸው ላይ የሚያነጥፉት ሰሌን ነው፣ ጥልፉም ሰሌን ይመስላል። ይህ የመጀመሪያው ፋይል ቢያድግም ቢያንስም ክሩን እንደገና ራሱ ያሰላል። ለማሽኑ የሚሰጠው ዲኤስቲ ግን ውጤቱ ብቻ ነው። ቅጠል የለም፣ ክብ የለም። ሂድ፣ ውጋ፣ ሂድ፣ ውጋ፣ ቁም።

ቃልም እንዲሁ ነው። ጠለፈ፣ ጠለፋ፣ ጥልፍ፣ ጠላፊ፣ ተጠላለፈ፣ ጥልፍልፍ፤ እነዚህን ሁሉ የወለዳቸው ጠ፣ ለ፣ ፈ የሚሉ ሦስት ተነባቢዎች ናቸው። ሥሩን የያዘ ሰው ሰምቶት የማያውቀውን ቃል ሳይቀር ያረባል። እርባታውን ብቻ የሰማ የውጭ ሰው ግን በሰማው ልክ ይቀራል። ዲኤስቲ የተረባ ቃል ነው። ሥሩ አዲስ አበባ፣ ዓርማውን የሠራው ሰው ኮምፒውተር ውስጥ ቀርቷል።

ጉራጌ አገር ደግሞ ይህን ለማየት የተመቸ አገር ነው። አማርኛው ሰበረ የሚለውን ከጉራጌ ቋንቋዎች አንዱ የሆነው ቸሃ ሰፐረ ይለዋል፤ አማርኛው ያጠበቀውን ድምፅ ቸሃው አላልቶ ከነዛሪ ወደ ኢነዛሪ ይወስደዋል። ሥሩ አንድ ነው፣ ማሽኑ ሌላ ነው። ቮልፍ ሌስላው በ1979 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የጉራጌ ቋንቋዎች ሥርወ ቃል መዝገብ ሦስት ጥራዝ ነው፤ ሰውዬው የሠራው ሥራ ባጭሩ ሲነገር፣ የብዙ ማሽኖችን ውጤት ጎን ለጎን ዘርግቶ የመጀመሪያውን ፋይል መገመት ነው።

መገመት አደጋ አለው። የዲዛይን ሶፍትዌሮች ሥዕል ሲሰጧቸው ራሳቸው ወደ ጥልፍ እንለውጣለን ይላሉ፤ የሚያደርጉት ግን ከላይ የሚታየውን አይቶ ሥር መፍጠር ነው። የቃል ታሪክም እንዲህ ዓይነት ራስ ሠራሽ መልስ ሞልቶታል። ጉራጌ የሚለውን ስም አንዱ አከለ ጉዛይ ካለችው ጉራዕ የመጡ ሰዎች ያመጡት ነው ይላል፣ በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን ከመጣው ከአዝማች ስብሐት ጋር እያያያዘ፤ ሌላው ግራ ወገን፣ የግራ አገር ማለት ነው ይላል። አንድ ዲኤስቲ ለሁለት ባለሙያ ብትሰጥ አንዱ ቅጠል ነው ብሎ፣ ሌላው ላባ ነው ብሎ መልሶ ይሠራዋል። መርፌዋ በሁለቱም ያው መንገድ ትሄዳለች። እኔ ራሴ ጉራዕን የሚደግፈውን ወገን የምጠረጥረው በአንድ ምክንያት ነው፤ ሕዝብ ስሙን ከአንድ የጦር አለቃ ጋር ብቻ ይዞ መጣ የሚል ታሪክ ሁልጊዜ ለተራኪው በጣም ይመቻል።

ከሰዓት በኋላ ነገሩ ፊደል ላይ ደረሰ። ማኅበሩ ስሙን በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በጉራጊኛም ይፈልጋል። የጥልፍ ሶፍትዌሩ ውስጥ ለላቲን ፊደል የተዘጋጁ ጥልፎች አሉ፤ «ኤ»ን ሲጫኑ በሳቲን የተሞላች ኤ ትመጣለች። ለግእዝ ፊደል ያንን የሚያህል የለም። ልጁ «ሀ»ን፣ «ለ»ን አንድ በአንድ እንደ ሥዕል ስሎ፣ አሞላላቸውን ወስኖ በራሱ አቃፊ አስቀምጧል፤ ያጠራቀመው የሁለት ዓመት ሀብቱ ነው። ጉራጊኛው ግን ተጨማሪ ፊደል ይጠይቃል። በሰባት ቤት ጉራጌ ቋንቋዎች ከንፈርን በማሞጥሞጥ «እሱን» የሚለው ተሳቢ ግሱ ላይ ይታያል፤ ድምፁ ፊደል ያስፈልገዋል። ᎀ፣ ᎄ፣ ᎈ፣ ᎌ ዩኒኮድ ውስጥ በ2005 እ.ኤ.አ. ሲገቡ «ሰባት ቤት» የሚለው ስም በየፊደሉ መጠሪያ ላይ ተለጥፎ ነው የገባው። ተጨማሪ የጉራጌ ፊደላት ደግሞ በ2021 ተጨመሩ። ፊደላችን ራሱ ዩኒኮድ የገባው በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ በፓወር ግእዝ የተጻፈ ደብዳቤ ቪዥዋል ግእዝ ብቻ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የፈረንጅ ምልክት ዝንቅ ሆኖ ይመጣ ነበር። ያንን ዘመን የሚያስታውስ ጸሐፊ ፒኢኤስና ዲኤስቲ ቢጣሉ አይገርመውም።

ልጁ ᎀን በስልኩ ላይ አጉልቶ እያየ መሳል ጀመረ። የሥራውን ስም ስጠይቀው «ዲዛይን» ነው የሚለው፣ «እየነደፍኩ ነው» አላለም። ቢልም ባልገረመኝ። ነደፈ ግሩም ግስ ነው። ንብ ትነድፋለች፣ እባብ ይነድፋል። ጥጥ ነዳፊ በደጋን ጅማት እየመታ ጥጡን ያፍታታል፤ ዐረቦችም ለዚሁ ለጥጡ ሥራ ነደፈ ይላሉ። በግእዝ መምታት፣ መውጋት አለበት። ሕግ አርቃቂ ረቂቅ፣ መሐንዲስ ሕንፃ ይነድፋል። ንድፍን ከቢሮ የወጣ ቃል አድርገን ለምደነዋል እንጂ አጭር አጭር አድርጎ ደጋግሞ መምታት ነው ውስጡ ያለው፤ ጥልፍ መርፌም ከዚህ ሌላ አትሠራም።

ሸሚዞቹ በማግስቱ ደረሱ። የጋቢውን ነገር ልጁ ራሱ «ቡታጅራ ሂዱ፣ በእጅ የሚሠሩ አሉ» ብሎ መከረን።

ሄድን። ቡታጅራ አሁን የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ለዒድና ለመስቀል ልብስ በእጅ የሚጠልፉ ሴቶች ግን ለከተማዋ አዲስ ማዕረግ ደንታ የላቸውም። ያገኘናቸው እናት ቤታቸው ደጃፍ ላይ ከልጅ ልጃቸው ጋር ተቀምጠዋል። መነጽራቸው በክር ከአንገታቸው ታስሯል። መርፌያቸውን ሻሻቸው ላይ ሰክተውታል። መርፌ የሚለው ቃል ከግእዙ መርፍእ፣ ረፍአ ከሚለው፣ ሰፋ ማለት ከሆነው ግስ የመጣ ነው፤ በዕብራይስጥ ግን ያው ሥር ማዳን ነው፣ ሐኪምም ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። ክሊኒክ ሄደን «መርፌ ተወጋሁ» ስንል ሁለቱ ትርጉሞች ሳያውቁ ተገናኝተዋል።

ጓደኛዬ ከልማዱ የተነሣ ፍላሹን አወጣ። ከዚያ አፈረና የተጠለፈውን ሸሚዝ ዘረጋላቸው። እናት አጎንብሰው አዩት፣ ገለበጡት፣ የውስጡን ክር በጥፍራቸው ነካ ነካ አደረጉት።

«ይሄን በትልቁ ነው የምትፈልጉት?»

«አዎ እማማ፣ ለጋቢ።»

«ቅጠሉን እንዲህ አልሠራውም። የእንሰት ቅጠል መሃሉ ላይ አጥንት አለው፣ ይሄ የለውም።» ከዚያ ጋቢውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው አራት ጣታቸውን ጎን ለጎን ጨርቁ ላይ አሳረፉ፣ አንሥተው ደግሞ አሳረፉ፣ በጠመኔ ጫፍ ነጥብ አደረጉ።

«ስንት ጣት ይሁንልህ ልጄ?»